«ቁም» የሚለው ካርድ

ሰው የሚሸሸውን ሰው መንገድ ላይ ሳያገኝ አይቀርም። አያ አድማሴ ለጥምቀት ወደ አገራቸው ጎንደር የመጡት ቢያዝንን ላለማየት ነበር፤ ፒያሳ ሻይ ቤት ገብተው ቀና ቢሉ፣ ቢያዝን ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ይነሣቸዋል።

ይህን ልጅ ዱሮ እዚሁ ጎንደር ሒሳብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሁለቱም አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራሉ። አለቃቸው የሚያመሰግነው ግን ቢያዝንን ነው፤ ያን በሰሙ ቁጥር የአያ አድማሴ አንጀት እርር ይላል። ይባስ ብሎ፣ ለየቦታው የሚላከውን ዘር እንዲያሰላ አያ አድማሴ፣ ኮምፒዩተሩ በተራ በሚያነባቸው የተበሱ ካርዶች ላይ የጻፉት ፕሮግራም ተሳሳተ። ከበዓል መልስ ካልተቃና ሥራው ለቢያዝን ይሰጣል ተብለዋል።

«ፕሮግራሙስ ተቃና፣ አያ አድማሴ?»

«ምነው፣ ቸኮልህ?» አሉት። «የዝርዝሩ መጨረሻ ለሆነችው ለዛሪማ የአገሩን ዘር ጠቅልሎ ይሰጣል። የዛሪማን ካርዶች ደጋግሜ አነበብሁ፤ እንከን የላቸውም።»

«ስሕተቱ የታየው ዛሪማ ላይ ቢሆንም የተፈጠረው ቀደም ብሎ ይሆናል። ለምን መሐል ላይ ‹ቁም› የሚል ካርድ አያስገቡም? ኮምፒዩተሩ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ የያዘውን ቁጥር ያያሉ። ከተበላሸ ማቆሚያውን ወደ ኋላ፣ ደኅና ከሆነ ወደ ፊት ይወስዱታል።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። በየመስመሩ ሳስቆም ልዋል?»

«በየመስመሩማ ጊዜ ማባከን ነው፤ በጠረጠሩበት ብቻ እንጂ። የ‹ቁም› ካርዶቹን ጫፍ ቀይ ይቀቡና ሲጨርሱ ለቅመው ያውጧቸው። አንዲት ተረስታ ከቀረች ደኅናውን ሥራ ታስቆማለች።»

ምክሩ ሸጋ ነበር፤ አያ አድማሴን ያናደዳቸውም ሸጋነቱ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ኖሮ ተነሥተው በሳሙት ነበር። ግን የጨነቀው ሰው ምን ምርጫ አለው? ቢያዝን እንደ ኮምፒዩተሩ ሆኖ በእርሳስ ሊያሰላ፣ እሳቸው ሊያስቆሙት ተስማሙ።

ዳባት ላይ «ቁም» አሉት፤ ቁጥሩ ከልክ አልፏል። ወደ መጀመሪያዋ ቦታ፣ ወደ ጠዳ መለሱት፤ ትክክል ነው። ከጠዳ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲሻገር፣ ገና ምንም ሳይደምር አስቆሙት። ባዶ መሆን የነበረበት የድምር ቦታ ላይ የጠዳ ድምር ተቀምጧል።

«ሳልደመስሰው ነው ያለፍሁት» አሉ አያ አድማሴ ቀስ ብለው። «ዛሪማ የሁሉንም ተሸክማ ኖሯል።» ከዚያ ቀና ብለው አዩት። «ሥራውን ልትወስደው ስትችል ለምን አሳየኸኝ?»

«አለቃው ውሰደው ብሎኝ ነበር። ‹አያ አድማሴ ራሳቸው ያቃኑታል፣ ይታገሷቸው› አልሁት።»

ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ከበዓል በኋላ ቀይ ካርዶቹ ገብተው ወጡ፤ ፕሮግራሙም ተቃና። አለቃው ውጤቱን አገላብጦ «አቶ አድማሴ፣ ስሕተቱን ማን አገኘው?» ሲል ቅናት «እኔ በል» አላቸው፤ ቢያዝንም አንገቱን ደፍቶ ካርዶቹን ይደረድር ጀመር። አያ አድማሴ ግን «መንገዱን ያሳየኝ ቢያዝን ነው» አሉ።

እነሆ፣ ዘሩ ለየቦታው በልኩ ደረሰ፤ በከንቱ ያልቅ የነበረው የኮምፒዩተር ሰዓትም ተረፈ። መጨረሻውን ብቻ አይቶ ከመበሳጨት መሐል ላይ ቆሞ መመርመር እንዲህ ይጠቅማል፤ ከታናሽ መማርም እንደዚሁ። ቅናት ግን እንደ ፕሮግራም በአንድ ቀን አይቃናም። ቢያዝን ሲመሰገን አያ አድማሴን ዛሬም ያማቸዋል፤ እያመማቸውም ወንበራቸውን ስበው ከጎኑ ይቀመጣሉ።