ችቦ የሌለው ቡሄ

በደርግ ጊዜ፣ ቡሄ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚሄድ አውቶቡስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ለሰፈሩ አዲስ የተመደበ አንድ ወጣት ካድሬ ተቀምጠው ነበር። ወሬውን የጀመረው ካድሬው ነው።

«አባቴ፣ ዘንድሮ ችቦ የለም። ደን እንጠብቃለን።»

«ጓድ፣ የኛ ችቦ እኮ የኑግ አገዳ ነው። ዛፍማ ከየት አምጥተን!»

«ስለሌላችሁ ነው በበዓሉ ቀን ችግኝ የምትተክሉት።»

«ፎገራ በጎርፍ ተውጦ የለም እንዴ? በታንኳ ሆነን እንትከል?»

«ከሰፈራችሁ በላይ ያለው ጉብታ ደረቅ ነው አሉ።»

«እሱማ ክረምቱን ከብቶቻችን የሚያድሩበት ነው። ሌላ ደረቅ መሬት የለንም።»

«ይነሱ።»

«ወዴት?»

«እሱን ተወያዩበት።»

«ላሞቹ ውሃ ውስጥ ቆመው ይወያዩ?»

«አይቀልዱ አባቴ። ሪፖርቱ ተልኳል።»

«ምን ብሎ?»

«ችግኙ ተተክሎ ጸድቋል ብሎ።»

«ከጸደቀማ ላሞቼን ለምን ታስነሳብኛለህ?»

«የበላይ አካል ሊጎበኘው ይመጣል። እንዲያውም ሌላ ጉብታ ካለ መዝግብ ተብያለሁ።»

የኛም ቤት ጉብታ ላይ መሆኑን ማንም ስላልጠየቀኝ በልቤ አምላኬን አመሰገንኩ።