አውራ ጣት ቺንጋ ነው

ባለቤቴ ዘይነባ እዚህ መካነ ሰላም የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ቤታችን ወሬው ሁሉ አሰልጣኟ ሆኗል። በቀደም ምሳ እየበላን ግራ እጄን ሳብ አደረገችና አውራ ጣቴን ነካች። «ይሄ የሞተሩ ቺንጋ፣ ቀበቶው ማለት፣ ነው በል። እሱ አጠገብ ያለው ጣት ሲሊንደር አንድ ነው፤ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልክ ትሄዳለህ። ገባህ?» ምንም አልገባኝም። «አሰልጣኙ ይህን ያሳየሽ በማን ጣት ነው?» አልኳት። «ያ አላህ! እኔ ስለ ሞተር አወራዋለሁ፣ እሱ!» ብላ እጄን ወረወረችው። እኔ ግን ሌሊቱን ስለ ጣት ሳስብ አደርኩ።

በማግስቱ ጃንጥላ ላደርስላት ነው ብዬ መማሪያ ክፍሏ ድረስ ሄድኩ። አሰልጣኙ እንደፈራሁት መልከ መልካም ነው። የአንድ ነጋዴ ሐጂ እጅ ይዞ ሲሊንደር ያስቆጥራቸዋል፤ እሳቸው ይስቃሉ። ዘይነባ ከኋላ ተቀምጣ በገዛ ጣቷ ትቆጥራለች። ልቤ መለስ አለ። «ግባ እንጂ ወንድሜ!» አለና የእኔንም እጅ ያዘ። «አውራ ጣትህ ቺንጋው ነው። ቁጥር አንድ የትኛው ነው?» ሳላመነታ ሌባ ጣቴን አነሳሁ። ከሚስቴ ስሰማ ያልገባኝ ነገር ከእሱ አንዴ ስሰማው ገባኝ፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አንገበገበኝ። ቀና ስል ዘይነባ በኩራት ፈገግ ብላ ታየናለች። የኮራችው በእኔ ይሁን በእሱ እስካሁን አላወቅሁም።