የመድኃኒት ልክና የመቃብር ልክ

መነጽር ለማሠራት የወጣ ሰው የሌላውን ሐዘን ተሸክሞ ይመለሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ አሶሳ ውስጥ በአንድ የዓይን ክሊኒክ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። እዚህ ከተማ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰው ሲሳሳት ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ባልደረቦቼ ከኋላዬ «አራሚው» እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ያን ቀን ይህ ጠባዬ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ታየኝ።

ከአጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ተገልጧል፤ ግን የሚያዩት ነገር የለም። እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው ጥቁር ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ናት። «እግዜር ይማርዎ አባት» አልኳቸውና በዚያው ጨዋታ ተጀመረ። አበጀ ይባላሉ። ከመተከል፣ ከግልገል በለስ ወዲያ ካለ አንድ መንደር ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የመጡት፤ ያስመጣቸው አሶሳ ቢሮ የሚሠራው ትንሹ ልጃቸው ነው። ሴቲቱ ዘነቡ ትባላለች፤ የሞተው የታላቁ ልጃቸው የሙሌ ሚስት ናት። ስታዋራኝ በነጠላዋ ሥር ክንዷን ታክካለች፤ ትተወውና መልሳ ታክካለች።

ጥቂት ቆይቶ ኦሊያድ የሚባለው የዓይን ባለሙያ ካርድ ይዞ ወጣ። የባምባሲ ልጅ ነው፤ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ከሽማግሌው ፊት ቁጢጥ አለ።

«አባባ፣ አልደብቅዎትም። የጠፋው ብርሃን አይመለስም» አለ። «ወንዝ ዳር የምትናከስ ትንሽ ጥቁር ዝንብ አለች። እሷ የምታስገባው ትል ቆዳ ሥር እየተራባ ዓይን ድረስ ይሄዳል። በየስድስት ወሩ በቀበሌያችሁ የሚታደለውን እንክብል ይውጡ ነበር?»

«አልዋጥኩም። ቤተሰቤም አልዋጠ፣ መንደሩም አልዋጠ። የከለከልኩ እኔ ነኝ» አሉ፤ ሲናገሩ ኩራት ነበረባቸው።

ኦሊያድ የዘነቡን እጅጌ አስፈቅዶ ገለጠው። ቆዳዋ ሻክሮ፣ በጥፍር ተቦጫጭሯል። «እህቴ፣ አንቺንም ይዞሻል። ዓይንሽ ግን ገና ደህና ነው። እደላው መቼ ነው?»

«ሰኞ» አለች ዘነቡ። «ልጆቼንም ያሳክካቸዋል።»

«እንግዲያው ሰኞ ሁላችሁም ውሰዱ።»

«አትወስድም» አሉ ሽማግሌው።

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነበር። አበጀ በመንደራቸው የሚሰሙ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እንቢ ስላሉ መቶ ያህል አባወራ እንቢ ብሏል። ዘነቡ ሰኞ ካልዋጠች ሌላ ስድስት ወር ትጠብቃለች፤ ትሉ ግን አይጠብቃትም። ዕውር የምትመራዋ ሴት ራሷ መሪ ልትሻ ነው፤ ሁለቱ ልጆቿም ይከተሏታል። ተናደድኩ፤ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ «ምክንያትዎ ምን ይሆን አባት?» አልኳቸው።

«መምህር፣ በእኛ መንደር ሰው በእንጨት የሚለካው አንድ ጊዜ ነው፤ ሲሞት። ሽመል ቆርጠን አስከሬኑን ከራስ እስከ እግር እንለካለን፤ መቃብሩ በዚያ ልክ ይቆፈራል። ሽመሉም አብሮ ይቀበራል፤ ወደ ቤት አይመለስም። እንክብል አዳዮቹ መጡና ምን አደረጉ? ቀለም የተቀባ እንጨት አቆሙ። አንድ በአንድ አስደግፈው ለኩን፤ ስማችንን መዝገብ ላይ ጻፉ። ሙሌንም ለኩት። ከዚያ እንክብሉ ኋላ ይመጣል ብለው እንጨቱንም መዝገቡንም ይዘው ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት ሙሌ መንገድ ላይ ተገደለ። በዚያ ወር ከመንደራችን አሥራ አንድ ሰው ቀበርን። አሥራ አንዱም የተለኩ ናቸው።»

መተከል በ2013፣ ሰው በየመንገዱ ሲገደል፣ ያሳለፈችውን ክፉ ጊዜ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። ኦሊያድ ግን ወጣት ነውና ለመመለስ ቸኮለ።

«አባባ፣ ቁመት የምንለካው ስንት እንክብል እንደሚበቃ ለማወቅ ነው። ትልቅ ሰውና ልጅ እኩል አይውጥም። በክብደት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሚዛን ተሸክሞ በየጎጡ መዞር ግን አይቻልም።»

«ለኮሶ መድኃኒት ስንሄድ ማን ለካን?»

«እሱ ሌላ መድኃኒት ነው።»

«ደግሞ ይህን ንገረኝ፣ ልጄ። ትኩሳት ይዞኝ ስሄድ መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዛ እባላለሁ። አመመኝ ላላልኩት በሽታ ግን ቤቴ ድረስ መጥተው በነጻ ዋጥ ይሉኛል። ይህ ደግነት ከየት መጣ?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። እንዲህ ያለ ወሬ የሚያምን ሰው ማሰብ የተሳነው ይመስለናል፤ አበጀ ግን ከብዙ ተማሪዎቼ የተሻለ ያስባሉ። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ብልህ ሰው ለስሕተቱም ማስረጃ አያጣም።

«አባት» አልኩ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ፣ «አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለመጣ ያኛው አመጣው አይባልም። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ ያነጋው ግን ዶሮው አይደለም።»

«ዶሮው ልጅ አልቀበረም» አሉኝ።

አፈርኩ። ኦሊያድ ሥራውን ትቶ ከወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ያን ጊዜ ስንት ሰው ተለካ፣ አባባ?»

«አራት መቶ ይሆናል።»

«ከአራት መቶው አሥራ አንድ ሞቱ። እደላው ያልደረሰበት ጎረቤት ቀበሌስ? እዚያ ሰው አልሞተም?»

ሽማግሌው መለሱ። «ሞቷል። ለእነሱ ደግሞ ሌላ መዝገብ ይኖራቸዋል።»

እዚህ ላይ ክርክሩ እንደማያልቅ ገባኝ። ለእያንዳንዱ መልስ ሌላ መዝገብ ይወጣለታል። እኔም ማረሜን ተውኩና ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር አወራሁ።

«እኔም እንዲህ ያለ መዝገብ ነበረኝ» አልኩ። «ወደ ትውልድ አገሬ ለመዛወር አመልክቼ ቀረብኝ። ሦስት ባልደረቦቼ ዶልተውብኝ ነው ብዬ አራት ዓመት ሰላምታ ነፈግኋቸው። ከሳቁ በእኔ ነው፤ ዝም ካሉም በእኔ ነው። በዚያ መካከል እናቴ ታማ ሞተች፤ አልደረስኩላትም። ኋላ ማመልከቻዬ ከነፋይሉ ሲገኝ ፊርማ የለበትም። ሳልፈርም ያስገባሁት እኔው ነኝ።»

«ከዚያስ?» አሉ አበጀ።

«ከዚያማ የሚያሳብቡበት ሰው ማጣት ከባድ ነው፣ አባት። ሦስቱ ሰዎች ሳሉልኝ ቢያንስ እንቅልፍ ነበረኝ።»

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። ዘነቡ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየች መናገር ጀመረች።

«ያን ቀን ሙሌ መሄድ አልፈለገም ነበር። መንገዱ ጥሩ አይደለም ተብሎ ተወርቷል። አባባ ናቸው፣ ጨው አልቋል፣ ገበያ ደርሰህ ና ያሉት። በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ይህን ያነሣ ሰው የለም።»

«ዘነቡ» አሉ ሽማግሌው። ቁጣ አልነበረበትም። ልመና ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። ልጆቼ ግን ዓይናቸው ሊጠፋ ነው።»

አበጀ ሲናገሩ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። «አስቀድሞ ተለክቶ፣ ስሙ ተጽፎ ከሆነ፣ ቤት ቢውልም አይተርፍም ነበር። ቤት መጥተው ይወስዱት ነበር። ካልተጻፈ ግን… ካልተጻፈ የላክሁት እኔ ነኝ። ለጨው።»

ዘነቡ እጃቸውን ያዘች። «የገደሉት የገደሉት ሰዎች ናቸው። እርስዎ ጨው ያማረው አባት ነዎት። አንድ ቀን እንኳ አልፈረድኩብዎትም፣ እመብርሃን ምስክሬ ናት። የኔ ጥፋት ይህን ሳልነግርዎ አምስት ዓመት መቆየቴ ነው።»

ሽማግሌው አለቀሱ። የማያይ ዓይንም እንባ አያጣም። ኦሊያድ አንገቱን ደፍቶ «እኛም ጥፋት አለብን» አለ። «ስንለካችሁ ለምን እንደሆነ አላስረዳናችሁም። ያ ሁሉ ሰው ሲሞት ለቅሶ የደረሰ ባለሙያ አልነበረም። በስድስት ወራችን እንጨታችንን ይዘን ተመልሰን መጣን። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እሸሽ ነበር።»

ስንት መጽሐፍ አንብቤ ያልገባኝ ነገር ያን ጧት ገባኝ። ሰው ስውር ተንኮል አለ ብሎ የሚያምነው ባለማወቁ ብቻ አይደለም። ድንገት የመጣ ሞት ትርጉም የለውም፤ ታስቦበት የመጣ ሞት ግን ቢያንስ ባለቤት አለው። ጠላትን መጥላት ራስን ከመውቀስ ይቀላል። ነገሩን የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ደግሞ ወሬ ቀድሞ ገብቶ ቤቱን ይይዛል። ስለዚህ ወሬውን ከመንቀላችን በፊት ምን ደግፎ እንደያዘ ማየት ይገባናል፤ ድጋፉን ሳያዩ የሚነቅሉት ነገር በሰው ላይ ይናዳል።

«እሺ፣ ልጄ» አሉ አበጀ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው። «ብትውጥ ምን ታገኛለች?»

«መጀመሪያ ሊብስባት ይችላል። ትሎቹ ሲሞቱ ያሳክካል፣ ፊትም ያብጣል፤ በጥቂት ቀን ያልፋል። ይህን አስቀድመው ለሰው ይንገሩልኝ፤ ካልነገሩ መረዟት ይባላል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ታገኛለች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ቁጭ ብለው መማር ይችላሉ። ዓይናቸው ይተርፋል። ግን አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ትልቁ ትል ቶሎ አይሞትም። ዓመታት ሳያቋርጡ ነው። መንደሩ በሙሉ ካልዋጠ ደግሞ ዝንቧ ትሉን ካልዋጠው ሰው ወስዳ ለሌላው ትሰጣለች።»

«እንግዲያው ሰኞ መጀመሪያ የምለካው እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ኦሊያድ ድምፅ መለሱ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። ያኔ መዋጥ ጀምሬ ቢሆን፣ ዛሬ ይህችን ልጅ አያት ነበር?»

ኦሊያድ እኔን አየኝ። ይዋሽላቸው ዘንድ በዓይኔ ለመንኩት፤ አራሚው እኔ።

«ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፣ አዎ፣ አባባ። ያዩዋት ነበር።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለዚህኛው ጥፋት የማሳብብበት ሌላ ሰው አልፈልግለትም» አሉና እንድታስነሣቸው እጃቸውን ለዘነቡ ዘረጉ።

ከወር በኋላ ኦሊያድን አገኘሁት። ዘነቡ ደውላለት ነበር። ሰኞ ዕለት ሰባ ያህል አባወራ ከነቤተሰቡ ወጥቶ ተለክቶ ውጧል፤ እሷና ልጆቿ ሦስት ቀን አብጠው ተሽሏቸዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀምረዋል። ቀሪው ሠላሳ ቤት ግን እንቢ እንዳለ ነው። ሽማግሌው አሶሳ ሄዶ ተገዝቶ መጣ፣ ስማችንን አሳልፎ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ወጥቶባቸዋል። አበጀ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። በዘነቡ እጅ እየተመሩ በየቤቱ ይሄዳሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ስለ መድኃኒቱ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ልጃቸው የሞተበትን ቀን ከጧቱ ጀምረው የጨውን ነገር እንኳ ሳያስቀሩ ይናገራሉ።