ፀሐይ ሌባ የተባለችበት ጠዋት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ሹም አቦ ውስጥ ፀሐይ ሌባ ተባለች፤ እኔም እዚያው ነበርሁ። ጎረቤቴ ሜሮን ሲ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የግእዝ ጽሑፎች መፈለጊያ ፕሮግራም ጽፋለች። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊደል ኮምፒውተሩ በሰጠው ቁጥር ይለይና ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ ቀይሮ ያነጻጽራል። አባቷ መሪጌታ ከፈቀዱ ፕሮግራሙ በፍላሽ ተጭኖ፣ ከሰዓት በጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ ደቅ ደሴት ላይ ወዳለው የአብነት ትምህርት ቤት ይሄዳል። «ስላሴ» ብላ ስትጽፍ «ሥላሴ» ያለበት ገጽ ሁሉ ተዘረገፈ። አጨበጨብሁ!

መሪጌታ ግን መነጽራቸውን አስተካክለው ከስክሪኑ ላይ «ሰረቀ ፀሐይ» የሚል አነበቡ።

«በይ እንግዲህ! በግእዝ «ሠረቀ» ተብሎ በሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። አንቺ በሰ ቀይረሽ ሌባ አደረግሻት! ይህ ነገር ሐይቁን አይሻገርም!»

«አባዬ፣ የምቀይረው ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ ጽሑፉን አልነካሁትም» አለች ሜሮን።

ስክሪኑን ደግሜ አየሁት። ፕሮግራሙ ነክቶት ቢሆን ኖሮ «ፀሐይ» ውስጥ ያለችው ሐም ወደ ሀ በተቀየረች ነበር፤ እሷ ግን እንዳለች ናት!

«ዋናው ፋይል ይከፈት» አልሁ።

ተከፈተ። እዚያም «ሰረቀ» ይላል። ያን ገጽ በስልካቸው የጻፉት መሪጌታ ራሳቸው ነበሩ። ከሰዓት ፍላሹን ይዘው ደቅ የተሻገሩትም እሳቸው ናቸው።