ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰውን ሰው ስለመቁጠሬ

ስም፦ አባ መንገዱ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ በጫካው ዙሪያ መንገድ እንግዳ መሪ
አድራሻ፦ አሮጌው ከተማ፣ ከድንጋዩ በር ጀርባ ሦስተኛው ቤት
ማንበብና መጻፍ፦ አይችሉም
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ ጥቅምት 14 ቀን፣ ከቀኑ 9፡40 ሰዓት

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ታናሽ ወንድሜ ስለጠፋበት ሁኔታ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሰው መቁጠር ግን አውቃለሁ። ከድንጋዩ በር ተነስቶ ጫካውን ዞሮ እዚያው በር ላይ በሚገጥመው መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግዳ ስመራ አንድም ሰው ጎድሎብኝ አያውቅም።

ዛሬ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት አሥር እንግዶች ይዤ ወጣሁ። ወንድሜ እንደ ወትሮው ቢጫ የዝናብ ልብሱን ለብሶ ከመጨረሻ ይከተል ነበር፤ ከእሱ ጋር አሥራ አንድ። ከወንድሜ ጋር ሁለት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። ምክንያቱ “አርጅተሃል፤ ከፊት እኔ ልሁን” ብሎ በሰው ፊት ስለተናገረኝ ነው። ከዚያ ወዲህ አብረን እንሠራለን እንጂ ዓይኑን አላይም።

4፡30 ገደማ ምንጩ ጋ ስንደርስ ዝናብ ስለወረደ ሁሉም ዛፍ ሥር ተበተነ። ሲያባራ አሰለፍኳቸውና እንደ ልማዴ ትከሻ ትከሻቸውን በዱላዬ እየነካሁ ቆጠርኩ። ቢጫው ልብስ ጋ ስደርስ ፊቴን አዙሬ ዱላዬን ሰነዘርኩ። ዱላው ከወትሮው ከፍ ብሎ አረፈ። ታውቆኛል። “ዛሬ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ቆመልኝ” አልኩ በልቤ። አሥራ አንድ ሞላ፤ ሄድን።

ትንሽ እንደሄድን ከእሱ ፊት የነበረችው እንግዳ፣ ነርስ ነኝ ያለችኝ፣ “አባባ፣ የኋላው ሰውዬ በጣም ተጠጋኝ” ብላ ተጣራች። ዞር ሳልል “አይዞሽ ልጄ፣ ወንድሜ ነው፤ ይጮኻል እንጂ አይናከስም” አልኳት። ሰው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ድምጿ አልተሰማም።

6፡20 በሩ ላይ ስቆጥር አሥር ሆኑ። ነርሷ መጥታ ክንዴን ያዘች። “ሰውየው ቅድም ያለፍነው ድልድይ ጋ ኮቴው ጠፋ፤ ድምፁም የወንድምዎ አይደለም” አለችኝ። “ዞር ካልሽ አለቀልሽ” ብሏት ኖሯል። ሌሎቹም በሰልፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውት ስለነበር መልኩን ያየ የለም። ፊት ለፊቱ በአንድ ዱላ ርቀት የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ፖሊስ አስጠራሁ። ከመጡት ፖሊሶች ጋር ወደ ምንጩ ተመለስኩ። ከዛፎቹ ኋላ የወንድሜን አንድ እግር ጫማ አገኘሁ፤ ማሰሪያው አልተፈታም። ሁለት ወር ያልጠራሁትን ስም እየጠራሁ ጮኽኩ። የመለሰልኝ የለም።

የሰውየውን መልክ እንድገልጽ ተጠይቄ አላየሁም ብያለሁ። መርማሪው በዝናቡ ምክንያት እንደሆነ ጠይቆኛል። አይደለም። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ዓይኔም ደህና ነው። ያላየሁት ስላኮረፍኩ ነው፤ እንዲሁ ተብሎ ይጻፍልኝ። እሱ ግን የእኔን ፊት ጠግቦ አይቷል። ወደዚህ ጣቢያ ስመጣ በመንገድ ያለፈኝን ወንድ ሁሉ ፈርቻለሁ። ይህም ይጻፍ።

ቃሌ ሲነበብልኝ ሰምቻለሁ፤ ከአፌ የወጣው ነው፤ ያስገደደኝም የለም። ሳይጨልም ወደ ፍለጋው መመለስ ስላለብኝ ሁለተኛ እንዲነበብልኝ አልፈልግም።

የምስክሩ የአውራ ጣት አሻራ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________