ዱዓና የወፍጮ ሞተር

በሕይወቴ እምላለሁ፣ ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። መካነ ሰላም ላይ ሠላሳ ዓመት የወፍጮ ሞተር ስጠግን ኖሬ፣ “የብቃት ወረቀት ከሌለህ ጋራዥህ ይታሸጋል” ተባልኩና ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር ሦስት ወር የመካኒክነት ሥልጠና ተቀመጥኩ። የምዘናው ቀን ከደሴ የመጣው መዛኝ በነጭ ጫማው ሞተሩ አጠገብ ቆሞ፣ “ጋሽ ሰይድ፣ ያስነሱት እንጂ” አለኝ።

“ያለ ዱዓ ሞተር አስነስቼ አላውቅም።”

“ዱዓ ቅጹ ላይ የለም፤ ሰዓትዎ እየሄደ ነው።”

“ይሂድ ልጄ” ብዬ መዳፌን ሞተሩ ሥር ዘረጋሁ። የሠልጣኞቹ “አሚን” መቅደላ አምባ ድረስ ተሰማ። ሦስተኛው አሚን ላይ መዳፌ ላይ ዘይት ጠብ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የዘይት መድፊያው ብሎን ላልቷል። አጥብቄ፣ ዘይት ሞልቼ አስነሳሁት፤ እንደ ድቤ መታ።

መዛኙ ሳቀ። “ሆን ብዬ ነው ያላላሁት፤ ሳይፈትሽ የሚያስነሳ ይወድቃል” ብሎ “አልፈዋል” አለኝ። ከኔ በኋላ የተመዘነው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እጁን ሳይዘረጋ ቁልፍ አልነካም።

ጠብታዋን በተመለከተ ግን፣ የወደቀችው መዳፌ ላይ ሳይሆን የመዛኙ ነጭ ጫማ ላይ ነው። መዳፌ ላይ ያልኳችሁ ወረቀቴን ለሰጠኝ ሰው የጫማውን ጉድ ልሸፍንለት ብዬ ነው።