ግድግዳው ላይ የሌሉት

ሰዎች «ጋሽ አራት ነጥብ» የሚሏቸው ማመልከቻ ጸሐፊ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አራት ነጥብ የጎደለው ወረቀት ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ክርክር ውስጥ ገብተው የመጨረሻውን ቃል ለሌላ ሰው ትተው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ አራት ነጥብ የክት ኮታቸውን ለብሰው ከገበያው ጀርባ ወዳለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሄዱ። ማንንም አላማከሩም። የእህታቸው ልጅ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ወድቃ አንገቷን ከደፋች ሁለት ወር ሆኗታል። ለፈተናው ያዘጋጃት ኮርስ የሚሰጠው እዚሁ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነውና፣ ዳግመኛ አስመዝግበው ድንገት ሊያበሥሯት አስበዋል።

ደረጃውን እያለከለኩ ጨርሰው ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ግን እግራቸው ተገታ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በወጣቶች ፎቶ ተሞልቷል። ከላይ በትልልቅ ፊደል «ያለፉ ተማሪዎቻችን» ይላል። በሦስተኛው ረድፍ ላይ የእህታቸው ልጅ ፈገግ ብላለች።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። እሷው ናት። ደስታም ድንጋጤም ተደባልቆባቸው ቆመው ሳለ የቢሮው በር ተከፈተና ራሷ ባለፎቶዋ ወጣች። ፊቷ በንዴት ቀልቷል።

«አጎቴ? እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ» አሉ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀስረው። «ወደቅሁ ብለሽ እናትሽን ስታስለቅሺ የከረምሽው በውሸት ነው?»

«ወድቄያለሁ። የሚዋሸው ግድግዳው ነው። ፎቶዬን አንሱልኝ ልላቸው ነበር የመጣሁት። ሥራ አስኪያጁ 'ያለፉ ማለት የእኛን ማጠቃለያ ፈተና ያለፉ ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ አልፈሻል' አለኝ።»

ጋሽ አራት ነጥብ በዚህ መልስ ትንሽ ሳይገረሙ አልቀሩም። ቃላትን እንዲህ አጣሞ መጠቀም የሚያውቁት ከክፉ ተከሳሾች ብቻ ነበር። ቢሆንም የመጡበትን ጉዳይ አልተዉም። ልጅቷን ይዘው ወረዱና ከሕንፃው ፊት ለፊት አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ስሚኝ ልጄ። ስለ ፎቶው ዋሽተዋል፤ ይሁን። ግን ይሄ ፈተና አጥንት የሚሰብር ነው። ዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የጨረሱት ሲወድቁበት አይቻለሁ። ብቻሽን ገብተሽ የት ትደርሻለሽ? እነዚህ ሰዎች ዘዴውን ያውቁታል። ሁለተኛ ዙር ላስመዘግብሽ ነው የመጣሁት።»

«ዘዴውን ልንገርዎት?» አለች። «መልሱ ካልታወቀ 'ሐ'ን አክብቡ። ሁለት ምርጫ ካምታታችሁ ረዘም ያለውን ውሰዱ። 'ሁልጊዜ' የሚል ቃል ያለበትን ሰርዙ። ሦስት ወር ሙሉ ይህንን ነው በደብተር የጻፍነው። ምንባቡን ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው ይሉን ነበር።»

«ሳይነበብ እንዴት ይመለሳል?»

«እኔም ያንን አልጠየቅሁም። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ የታሸገ ፖስታ ሰጡን። 'እርግጠኛ ጥያቄዎች፣ ከውስጥ የወጡ' ተብሎ። ሸምድጄው ገባሁ። አንድም አልመጣም።»

የጋሽ አራት ነጥብ እጅ ወደ ደረት ኪሳቸው፣ ወደ እስክሪብቷቸው ሄደ። «ይሄማ ማታለል ነው። በዚያው ሳምንት መጥተሽ ብትነግሪኝ አቤቱታ እጽፍልሽ አልነበር?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «ምን ብለው ይጽፉልኛል? 'የተሰረቀ ፈተና ልገዛ ሄጄ የሐሰት ሰጡኝ' ብለው? ያታለሉኝ እነሱ ናቸው፤ መታለል የፈለግሁት ግን እኔ ነኝ አጎቴ። ሕግ ልማር እየሄድኩ ገና በሩ ላይ ሕግ ልጥስ ነበር።»

ይህን የምትናገረው በክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ ሰልፈኛ ሲያመናጭቃት እንኳ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ጥፋቷን እንዲህ ፊት ለፊት ስትናገር አጎትየው እጃቸውን ከእስክሪብቷቸው ላይ አነሱ። እውነትም ሰው ሌላውን ከመክሰሱ በፊት የራሱን ድርሻ መናገር ከቻለ፣ ግማሹን ሕግ ተምሯል ማለት ይቻላል።

ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ፈታኙ መሥሪያ ቤት ራሱ በነፃ ከሚያወጣቸው የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎች አንዱ ነበር። «እስቲ ይህችን አንዷን ይሞክሯት» አለችና ዘረጋችላቸው።

ጋሽ አራት ነጥብ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው አነበቡ። «የአንድ ጫማ ፋብሪካ ባለቤት ከሰዎች ቤት ሃያ ዓመት የቆዩ ጫማዎችን አሰባስቦ መረመረ። ሁሉም ጠንካራ ሆነው አገኛቸው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ጫማ የሚሠራው ከዛሬው በተሻለ ጥንቃቄ ነበር ሲል ደመደመ። የክርክሩ ጉድለት ምንድን ነው?» ቀና አሉ። «ምን ጉድለት አለው? ሰውየው ልክ ነው። ድሮ ጫማ ይሠራ ነበር። ይኸው ያደረግሁት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሶሉን እይው።»

«በዚያን ጊዜ የገዙት ጫማ እሱ ብቻ ነው?»

«ኧረ ብዙ ነው። አንዱማ ገና በመጀመሪያው ዝናብ አፉን ከፍቶ...»

«እሱ አሁን የት አለ?»

«ተጥሏላ። ማን ያስቀምጠዋል?»

በጣቷ ወደ ወረቀቱ ጠቆመች። እሳቸውም ወረቀቱን አዩ፤ ጫማቸውን አዩ። አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ ሰው አውርዶ ሄደ። «ቆይ» አሉ በመጨረሻ። «ባለፋብሪካው ያገኘው የተረፉትን ብቻ ነው። ደካሞቹ ቀድመው ተጥለዋል። ስንት እንደነበሩ በምን ያውቃል?» ጣታቸው ምርጫዎቹ ላይ ወርዶ 'መ' ላይ አረፈ። «ይሄ ነው።»

«ልክ ነዎት። 'ሐ'ን ቢያከብቡ ኖሮ ወድቀው ነበር።»

አልሳቁም። አንገታቸውን አዙረው የሕንፃውን ሁለተኛ ፎቅ ያዩ ነበር። «እዚያ ግድግዳ ላይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እዚያ ተምረው የወደቁት ሰዎች ፎቶ የት አለ?»

«ልል ያሰብኩትን ሳልነግርዎት ደረሱበት። ፈተናው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በፖስታ የሚሸጥ ምስጢር የለውም፤ የሚያሳልፈው በደንብ ማንበብና ማሰብ ነው። እሱ ደግሞ በሦስት ወር አይመጣም።»

ጋሽ አራት ነጥብ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «እሺ፣ ገባኝ። ነገር ግን እኔ ይህን እስካገኝ አውቶቡስ መጥቶ ሄዷል። ለአንድ ጥያቄ ስንት ደቂቃ ይሰጣችኋል?»

«ሁለት ደቂቃ አይሞላም።»

«ታዲያ አይቻልማ።»

«ዛሬ አይቻልም። እርስዎ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ሲጽፉ ምን ያህል ፈጀብዎት?»

«አንድ ቀን ሙሉ። እሱንም ዳኛው መለሰብኝ።»

«አሁንስ? ባለጉዳይ አልቅሶ፣ ተሳድቦ፣ የጎረቤቱን ዘር ማንዘር ቆጥሮ ሲጨርስ ምን ይሉታል?»

«'ይህ ሁሉ ይቆየንና፣ ፍርድ ቤቱ ምን እንዲያደርግልህ ነው የምትፈልገው?' እለዋለሁ።»

«እኔም መማር የምፈልገው እሱን ነው። ሕግ የማጥናት ምኞት ያደረብኝ ከልጅነቴ ጀምሮ በእርስዎ ጃንጥላ ሥር ሆኜ ያንን ስሰማ ነው። አንድ ዓመት ይስጡኝ። ሁልጊዜ ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ ሰዓት አብረውኝ ይቀመጡ።»

ለሃያ ስድስት ዓመት የመጨረሻውን ቃል ሲናገሩ የኖሩት ሰውዬ ይህን ጊዜ ለእሷ ተዉላት። ከኮታቸው ኪስ ነጭ ወረቀት አወጡና ጉልበታቸው ላይ አድርገው መጻፍ ጀመሩ። ስድስት መስመር ብቻ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ፎቅ ተመልሰው ሲወጡ የቢሮው መጠበቂያ በወላጆች ተሞልቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለስላሳ አንደበት ያለው፣ ከረባቱ የተስተካከለ ሰው ነው። «አባባ፣ ይቀመጡ። ምን ልታዘዝ?» አላቸው።

«አንድ ማመልከቻ ላነብልህ ነው» አሉና ሰዎቹ በሚሰሙት ድምፅ አነበቡ። አመልካቿ በኮርሱ ተምራ የመግቢያውን ፈተና መውደቋን፣ ምስሏ ያለ ፈቃዷ ካለፉት መካከል መለጠፉን፣ ዛሬውኑ እንዲነሳላት መጠየቋን ይገልጻል። ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ከማመልከቻው ውጭ አንድ ጥያቄ አለኝ። ካስተማራችኋቸው መቶ ልጆች ስንቱ ወደቀ?»

«የእኛ ተማሪዎች ውጤት እንደሚታየው...»

«የሚታየውንማ አየሁት። የጠየቅሁህ የማይታየውን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። አንዲት እናት የያዘችውን የምዝገባ ቅጽ ሳትሞላ አስቀመጠችው። ፎቶው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ በልጅቷ እጅ ገባ። ኮርሱ ግን በዚህ አልተዘጋም፤ ዛሬም በሩ ክፍት ነው። ሐሰት አንድ ቀን ስለተጋለጠ ብቻ አይከስምም።

ከሰኞ ጀምሮ አጎትና የእህት ልጅ ፍርድ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ጃንጥላው ሥር መቀመጥ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መራራ ነበሩ። ከኮርሱ የያዘችው አመል አልለቅ ብሏት፣ ሳታነብ ለመገመት እጇ እየቀደማት፣ ውጤቷ ከበፊቱም አነሰ። በሁለተኛው ወር ወረቀቱን ወርውራ «እኔ አልረባም» አለች። አጎቷ ከመሬት አንሥተው አራገፉት። «ስንት እንደሳትሽ አልጠየቅሁሽም። ለምን እንደሳትሽ ጻፊልኝ» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ደብተር ለስሕተት ብቻ ተመደበ። እያንዳንዱን የተሳሳተ መልስ ከነምክንያቱ በራሷ ቃል ትጽፋለች። በስድስተኛው ወር ስሕተቱ እየቀነሰ፣ ደብተሩ ቶሎ የማይሞላ ሆነ። እሳቸውም ቢሆኑ ሳይቀየሩ አልቀሩም፤ ሦስት ገጽ ይፈጅባቸው የነበረው አቤቱታ አንድ ገጽ ሆነ፣ የችሎት ጸሐፊዎችም «የእርስዎን ስናነብ ዓይናችን ያርፋል» ማለት ጀመሩ።

በዓመቱ ተፈተነች። አንደኛ አልወጣችም፤ ከመግቢያው ነጥብ በጥቂቱ ከፍ ብላ አለፈች። ለእናቷ የውጤት ወረቀቱን ስትሰጥ እናትየዋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና አቀፈቻት። ትምህርቱ ሲጀመር ደግሞ ጥቅሙ በግልጽ ታየ። በአቋራጭ የገቡ አንዳንዶች ከመጀመሪያው የመዝገብ ክምር ሲሸሹ፣ እሷ እስኪገባት ቁጭ ብላ ማንበብ ለምዳለች። ሳታውቅ ስትቀር «አላውቅም» ለማለት አታፍርም። ካርድ ክፍል ሳለች ሰው ፊት መናገር ትፈራ የነበረችው ልጅ፣ መምህር ፊት መቆም እንኳ አሁን አያርዳትም። እነዚህን በገንዘብ የሚያስገኝ ኮርስ የለም።

ወሬው ደርሷት አንዲት እናት አንድ ቀን ማለዳ ወደ ጃንጥላው መጣች። ልጇ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። «የእህትዎን ልጅ ያሳለፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለቻቸው።

«ያለፈችው ራሷ ናት። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ።»

«የእኔዋስ ታልፋለች ይሉኛል?»

ጋሽ አራት ነጥብ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እሱን አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚልሽን ሰውም አትመኚው። ማንበብ ግን ትለምዳለች። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ትምጣ» አሉና ለእንግዳዋ ልጅ የሚሆን በርጩማ ሊበደሩ ወደ ጎረቤታቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ተሻገሩ።